ባልድ ተራራና የሮንዳክስ የእሳት ማማ

ባልድ ተራራ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በኒውዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ በአዲሮንዳክ ፓርክ ምዕራባዊ ወገን የሚገኝ አለታማ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ጫማ ወይም 716 ሜትር ገደማ ነው። በአናቱ ላይ በ1917 የተተከለ የብረት ማማ ቆሟል፤ ማማው ለሰባ ዓመታት ያህል የደን ቃጠሎን ቀድሞ ለማየት አገልግሏል። በአስተዳደር ረገድ ሥፍራው በኸርኪመር ካውንቲ በዌብ ወረዳ ውስጥ ሲሆን፣ ቅርብ የሆነው መንደር ኦልድ ፎርጅ ይባላል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ማማው ያለው የእግር መንገድ አንድ ማይል ወይም 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በአዲሮንዳክ ካሉት የእሳት ማማዎች ሁሉ በቀላሉ ከሚደረስባቸው አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍታውን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በአካባቢው ሰሌዳዎች ላይ የሚታየው 2,350 የሚለው ቁጥር በጫማ የተለካ ነው፤ የአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ ጊዜ 2,355 ተብሎ የሚጠቀሰው ግን በሜትር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚመሳሰሉ አንባቢ ሊሳሳት ይችላል፤ በእርግጥ የባልድ ተራራ አናት ከመዲናችን ከፍታ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ለተራራው ግርማ የሚሰጠው ከባሕር ጠለል ያለው ከፍታ ሳይሆን አቀማመጡ ነው፤ በግርጌው የተዘረጉት ሐይቆች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው የሚገኙ ሲሆን፣ በአናቱና በእነርሱ መካከል እይታን የሚጋርድ ነገር የለም።

ስለ ስሙ

ባልድ ማለት መላጣ ማለት ነው። በኒውዮርክ ግዛት ይህን ስም የያዙ ተራሮች ከአንድ በላይ በመሆናቸው፣ የግዛቱ የደን አስተዳደር የእሳት መጠበቂያ ጣቢያውን በሰሜኑ በኩል ባለው ሐይቅ ስም ሮንዳክስ ብሎ ጠርቶታል። ሮንዳክስ የሚለው ቃል ራሱ አዲሮንዳክስ ከሚለው ስም መነሻው ተቆርጦ የቀረ እንደሆነ ይነገራል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ካርታዎች ሁለቱንም ስሞች አንድ ላይ ያትማሉ፤ የመንደሩ ሰዎች ግን ባልድ ማለቱን ይመርጣሉ።

ማማ የሚለው ቃል ደግሞ ለዚህ ነገር ከማንኛውም የውሰት ቃል ይልቅ የተስማማ ነው። በአገራችን ገበሬ እሸቱ ሲደርስ በማሳው መካከል እንጨት አቁሞ ማማ ይሠራል፤ ልጅ ወይም ሽማግሌ በላዩ ተቀምጦ ዝንጀሮና ወፍ ይጠብቃል። በባልድ ተራራ የሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ ማሳው በሺህ በሚቆጠሩ ጋሻዎች የሚለካ ደን፣ ጠላቱም እሳት መሆኑ ነው።

አለቱና መልክዓ ምድሩ

የአዲሮንዳክ ተራሮች ዐለት ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ በመሬት ጥልቀት በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ጥንታዊ ዐለት ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሰሜን አሜሪካን የሸፈነው ግዙፍ የበረዶ ንጣፍ በተራሮቹ ላይ እየተንሸራተተ አፈራቸውን ጠርጓል፤ ሸለቆዎቹንም አስፍቷል። በአዲሮንዳክ ከሚገኙት መላጣ አናቶች በርካቶቹ ዘግይተው በተነሡ ቃጠሎዎች አፈራቸውን ያጡ ናቸው፤ በባልድ ተራራ ላይ ግን የበረዶው ድርሻ የሚያመዝን ይመስላል። የተራራው ጫፍ እንደ ከብት አከርካሪ ጠባብና ረጅም ነው፤ በአንዱ ወገን ያለው ገደል በድንገት ስለሚወርድ ከታች ሲታይ ከእውነተኛው ከፍታው የበለጠ ግዙፍ ሆኖ ይታያል።

አካባቢው ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት የሞሃውክና ሌሎች ቀደምት ሕዝቦች ያድኑበት የነበረ አገር ነው።

በግርጌው የተዘረጉት ሐይቆች የፉልተን ሰንሰለት ይባላሉ፤ ስማቸውን ያገኙት በእንፋሎት መርከብ ሥራው ከሚታወቀው ከሮበርት ፉልተን ነው። ሐይቆቹ ስምንት ሲሆኑ፣ ያለ ምንም ማስዋብ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። ከባልድ ተራራ በተለይ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና ከሁሉም ትልቅ የሆነው አራተኛው ሐይቅ በግልጽ ይታያሉ።

ማማውን ያስከተሉት ቃጠሎዎች

የኒውዮርክ ግዛት አዲሮንዳክን ለመጠበቅ የተነሣው ከብዙዎች ቀድሞ ነው። በ1885 የግዛቱ የደን ጥብቅ በሕግ ተቋቋመ፤ በ1892 ፓርኩ ተከለለ፤ በ1894 የጸደቀው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በጥብቁ ውስጥ ያለው መሬት ለዘላለም ዱር ሆኖ እንዲቆይ፣ እንዳይሸጥና ዛፉም እንዳይቆረጥ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በኋላ ዛሬም ጸንቶ ይገኛል፤ አንድ ሕዝብ ለደኑ በሕገ መንግሥት ደረጃ ዋስትና መስጠቱ በእጅጉ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም ሕጉ የመንግሥትን መሬት ከመጥረቢያ እንጂ ከእሳት ሊያድን አልቻለም። ከፓርኩ ግማሽ ያህሉም የግል ይዞታ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

በግል መሬቱ ላይ የተሰማሩት እንጨት ቆራጮች የሚፈልጉት ግንዱን ብቻ ነበር። ግንዱ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባቡር ሲወሰድ ጫፉና ቅርንጫፉ እዚያው መሬት ላይ ይቀራል፤ በአንድና በሁለት በጋ ውስጥም ደርቆ ለማገዶ የተዘጋጀ ጭራሮ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጭራሮ በብዙ ሺህ ሄክታር ላይ ተነጥፎ ሳለ፣ በዶክተር ዊልያም ሲወርድ ዌብ የተሠራው የባቡር ሐዲድ በ1892 አዲሮንዳክን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሰንጥቆ አለፈ። የዌብ ወረዳ ስሙን ያገኘው ከእኚሁ ሰው ሲሆን፣ ሐዲዱም ከባልድ ተራራ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። ባቡሩ ለአገሩ ሆቴልን፣ ጎብኚንና ገበያን አምጥቷል። የድንጋይ ከሰል የሚያነድዱት ባቡሮች ግን ከጭስ ማውጫቸው ፍም እየረጩ ይጓዙ ስለነበር፣ በሐዲዱ ግራና ቀኝ በደረቅ ወራት እሳት የማይነሣበት ሳምንት አልነበረም ለማለት ያስደፍራል።

የ1903 ጸደይ ያለ ዝናብ መጣ። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ በየአቅጣጫው የተነሡት እሳቶች እየተጋጠሙ ከ600,000 ኤከር በላይ እንዳወደሙ ይነገራል። እሳቱን በመጨረሻ ያጠፋው የሰው ጉልበት ሳይሆን የሰኔው ዝናብ ነው። በአካፋና በባልዲ የተሰለፉት ሰዎች ብዙ ደክመዋል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የተስፋፋን እሳት በእነዚያ መሣሪያዎች መግታት አይቻልም ነበር። ግዛቱ ከዚህ በቂ ትምህርት ሳይወስድ አምስት ዓመት አለፈና በ1908 መጸው ደረቁ ወራት ተመልሶ መጣ። በዚሁ በዌብ የባቡር መስመር ላይ፣ ከባልድ ተራራ በስተሰሜን የነበረችው ሎንግ ሌክ ዌስት የምትባል የባቡር ጣቢያ መንደር በመስከረም 1908 ሙሉ በሙሉ ተቃጠለች፤ ነዋሪዎቿ የዳኑት በባቡር ተጭነው በመውጣታቸው ነው። በሁለቱ የመከራ ዓመታት የጠፋው ሲደመር አንድ ሚሊዮን ኤከር ገደማ፣ በእኛ የቀድሞ መለኪያ አሥር ሺህ ጋሻ ያህል ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የተወሰዱት እርምጃዎች ፈጣኖች ነበሩ። በ1909 የወጡት ሕጎችና ትእዛዞች እንጨት ቆራጮች የጣሉትን የዛፍ ጫፍ ቅርንጫፉን እየመለመሉ መሬት እንዲያስነኩት፣ ቶሎ እርጥበት ጠጥቶ እንዲበሰብስም አስገደዱ፤ ባቡሮች በእሳት ወቅት ቀን ቀን በከሰል ፋንታ ዘይት እንዲያነድዱ አደረጉ፤ የእሳት ጥበቃ ሠራተኞችም በቋሚነት ተደራጁ። በዚያው ዓመት በተፐር ሌክ አጠገብ በሞሪስ ተራራ ላይ የግዛቱ የመጀመሪያው የእሳት መመልከቻ ጣቢያ ተከፈተ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ በስተምሥራቅ ያለው የሜይን ግዛት በ1905 በተራራ አናት ላይ ጠባቂ አስቀምጦ ጥቅሙን አሳይቷል። ኒውዮርክ ግን ሐሳቡን ወስዶ በስፋት ሠራበት፤ በጠቅላላ በግዛቱ የተተከሉት ማማዎች ከ100 በልጠዋል።

ከእንጨት ወደ ብረት

በባልድ ተራራ ላይ የመጀመሪያው ማማ በ1912 ከእንጨት ተሠራ። በተራራ አናት ላይ እንጨት ለነፋስ፣ ለበረዶና ለመብረቅ ተጋላጭ በመሆኑ ዕድሜው አጭር ነው፤ በ1917 በብረት ተተካ። አዲሱን ማማ የሠራው ኤርሞተር የተባለ የቺካጎ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በ1888 ሥራ የጀመረ የንፋስ ወፍጮ አምራች ሲሆን፣ ለገበሬዎች ውኃ መሳቢያ የሚያቆመው ባለ አራት እግር የብረት ማማ ለደን ጥበቃም እንደሚያገለግል ታወቀ። ማማው በፋብሪካ ተቆራርጦና ቀዳዳው ተበስቶ ይመጣል፤ ክፍሎቹ ተራራው ላይ ወጥተው በብሎን ይገጣጠማሉ። የባልድ ተራራ ማማ 35 ጫማ ወይም 11 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። አናቱ መላጣ በመሆኑና የሚጋርደው ዛፍ ስለሌለ ከዚያ የበለጠ ቁመት አላስፈለገውም፤ ደን በለበሱ ተራሮች ላይ የቆሙት ማማዎች ከዚህ እጥፍ የሚደርስ ቁመት ያላቸው ናቸው።

አራቱ የብረት እግሮች በቀጥታ ከዐለቱ ጋር የተያያዙ ናቸው። በመካከላቸው የሚወጣው ደረጃ እየተጠማዘዘ ወደ ላይኛው ክፍል ያደርሳል፤ ወደ ክፍሉ የሚገባውም በወለሉ ላይ በተከፈተ መግቢያ ነው። ክፍሉ በእያንዳንዱ ጎኑ ሁለት ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአራቱም አቅጣጫ መስኮት ነው።

የጥበቃው አሠራር

ስለ ማማው ዘመን ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ብረቱ ነው፤ ሥራውን የሠራው ግን ሰው ነው። ጠባቂው በረዶው ሲቀልጥ ወደ ተራራው ወጥቶ፣ የመጸው ዝናብና በረዶ እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ በማማው ላይ ይቆያል። በክፍሉ መካከል ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው ላይ ማማውን ማእከል ያደረገ ክብ ካርታ ተለጥፏል፤ በዙሪያውም 360 ዲግሪዎች ተጽፈዋል። በካርታው ላይ የሚዞር የብረት ማነጣጠሪያ አለ። ጠባቂው ጭስ ሲያይ ማነጣጠሪያውን ወደ ጭሱ አዙሮ ዲግሪውን ያነባል፤ ርቀቱንም ከሚያውቀው ኮረብታና ሸለቆ ጋር አስተያይቶ ይገምታል። ከዚያም ከማማው እስከ ተራራው ግርጌ በተዘረጋው የስልክ ሽቦ ለወረዳው የደን ጠባቂ ያሳውቃል።

አንድ ማማ የሚሰጠው አቅጣጫን ብቻ ነው። ሌላ ማማ ላይ ያለ ጠባቂም ያንኑ ጭስ አይቶ ዲግሪውን ሲናገር፣ ከሁለቱ ማማዎች የተሰመሩት መስመሮች በካርታ ላይ የሚቋረጡበት ቦታ እሳቱ ያለበት ነው። ስለዚህም የእሳት ማማ ብቻውን የቆመ ሕንፃ ሳይሆን፣ ተራራ ከተራራ እየተያየ የሚሠራበት የአንድ መረብ ክፍል ነበር። ደመና የአንዱን ማማ ዓይን ሲሸፍን ሌላው ይተካዋል፤ የስልክ ሽቦ በዛፍ መውደቅ ሲበጠስ ደግሞ ጠባቂው ራሱ መጠገኛውን ይዞ ይወርዳል።

የሚጠይቀው ችሎታ ቀላል አይደለም። ከዝናብ በኋላ ከሐይቆቹ የሚነሣውን ጉም፣ ከጥርጊያ መንገድ የሚነሣውን አቧራ፣ የባቡሩን እንፋሎትና የሽርሽረኛውን ምድጃ ጭስ ከእውነተኛው የደን ቃጠሎ ጭስ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ያለ ምክንያት ሰው ማስነሣት የሰውን ጉልበት ያባክናል፤ አንድ ሰዓት መዘግየት ደግሞ እሳቱ ከቁጥጥር እንዲወጣ ያደርጋል። ከዚህ ሌላ ጠባቂው የእግር መንገዱን ይመነጥራል፤ ወደ ማማው የሚወጡትን ጎብኚዎች ተቀብሎ በመዝገብ ያስፈርማል፤ ስለ እሳት ጥንቃቄም ያስተምራቸዋል። ባልድ ተራራ ለኦልድ ፎርጅ ሆቴሎች ቅርብ በመሆኑ ይህ የመጨረሻው ሥራ እዚህ ከሌሎች ማማዎች ይልቅ የበዛ ነበር ብሎ መገመት ተገቢ ነው።

ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ ያለው ጊዜ በዚሁ ሥርዓት አለፈ። በኅዳር 1950 በአዲሮንዳክ ላይ የወረደው ታላቅ ማዕበል በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ኤከሮች ላይ ያለውን ዛፍ ጥሎ የ1903ን ጭራሮ የሚያስታውስ አደጋ ፈጠረ፤ የማማዎቹ ጥበቃም ከመቼውም ይልቅ አስፈላጊ ሆነ።

መዘጋትና መመለስ

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ግዛቱ ቃጠሎን በአውሮፕላን መቃኘት ስለጀመረ ማማዎቹ በየተራ ተዘጉ። መንገዶችና ስልኮች በመስፋፋታቸው ጭስ ያየ መንገደኛ ሁሉ ወዲያው ማሳወቅ መቻሉም አንዱ ምክንያት ነው። የባልድ ተራራ ማማ እስከ 1990 ወቅት መጨረሻ አገልግሏል፤ በግዛቱ በመጨረሻ ከተዘጉት አንዱ መሆኑ ለዚህ ሥፍራ ክብር ነው።

በ1972 የወጣው የፓርኩ የመንግሥት መሬት አስተዳደር ዕቅድ ማማዎችን በተመለከተ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ዕቅዱ የሰው ሥራ ሊታይባቸው አይገባም ተብለው በተለዩ ቦታዎች የቆሙ ማማዎች እንዲነሡ የሚያስገድድ በመሆኑ፣ አንዳንዶቹ ፈርሰዋል። ዱር ዱር ሆኖ መቆየት አለበት የሚሉት ወገኖች መከራከሪያ አላቸው፤ ይሁን እንጂ ያንን ዱር ከአመድ ያዳነውን መሣሪያ እንደ ባዕድ ነገር መቁጠር ተገቢ አይመስልም። በመጨረሻ በ2010 የሃሪኬንና የሴንት ሬጂስ ተራሮች ማማዎች የቆሙበት መሬት እንደ ታሪካዊ ሥፍራ በመመደቡ ሁለቱም ድነዋል። ባልድ ተራራ የሚገኘው ለዘብ ያለ ደንብ በሚሠራበት በፉልተን ሰንሰለት የዱር ደን ውስጥ ስለሆነ እንዲህ ያለ አደጋ በቀጥታ አልገጠመውም። የገጠመው ዝገትና ቸልታ ነው።

በ2001 ጣቢያው በአገር አቀፍ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ከግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጋር ተባብረው ማማውን አደሱት፤ በ2005ም ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወጣበት ይችላል።

የእግር ጉዞው

ወደ ተራራው የሚወሰደው ከኦልድ ፎርጅ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ በ28 ቁጥር አውራ ጎዳና ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ሮንዳክስ መንገድ በመታጠፍ ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ከመታጠፊያው ብዙም አይርቅም። ጉዞው ለአንድ ወገን ከሠላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ በጠቅላላው የሚወጣው ዳገት ከ120 እስከ 150 ሜትር ቢሆን ነው። ሕፃናትም ሽማግሌዎችም ሲወጡት ይታያል።

መንገዱ የሚጀምረው ሜፕል፣ ቢችና ብርች በበዙበት፣ ቅጠላቸው በየዓመቱ በሚረግፍ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። የዛፍ ሥሮችና ድንጋዮች ስለበዙበት ዝናብ ከዘነበ በኋላ ያዳልጣል። ጥቂት ከተወጣ በኋላ ዛፎቹ ወደ ስፕሩስና ወደ ሌሎች ጥድ መሰል ዛፎች ይለወጣሉ፤ አፈሩ እየሳሳ ሄዶ እግር ባዶ ዐለት ላይ ያርፋል። ከዚህ ጀምሮ መንገዱ የተራራውን አከርካሪ ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ጉዞው እንደ ሌሎች ተራሮች ሽልማቱን እስከ ጫፍ አይደብቅም፤ ገና በግማሽ መንገድ ሐይቆቹ በዛፎቹ መካከል ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ዐለቱ ሲደርቅ ለጫማ የተመቸ ሻካራ ነው። ሲረጥብ ግን፣ በተለይ በገደሉ ወገን፣ ልጆችን በእጅ መያዝ ይገባል።

ማማው ላይ የሚወጣ ሰው በደቡብ ምሥራቅ የፉልተንን ሐይቆችና ደሴቶቻቸውን፣ በሌሎቹ አቅጣጫዎች ደግሞ እስከ አድማስ የተዘረጋውን ደን ያያል። በጣም ጠርቶ በሚውልበት ቀን የግዛቱ ከፍተኛ ተራራ ማርሲ ሳይቀር ይታያል የሚሉ አሉ። ነፋስ ሲበረታ ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ ብረቱ ላይ መቆየት አይገባም፤ ጠባቂዎቹም በመብረቅ ጊዜ ትልቁ ስጋታቸው ይኸው ነበር።

ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ ድረስ ጥቁር ዝንብ የተባለች ጥቃቅን ተናካሽ በመንጋ ስለምትወጣ እጅጌና አንገት መሸፈን ይጠቅማል። የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት መጀመሪያ ሜፕሉ የሚቀላበት፣ ብርቹ ቢጫ የሚለብስበት ጊዜ ነው፤ ተራራው የሚያምረውም ሰው የሚበዛበትም ያን ጊዜ ነው። የበረዶው ወራት ረጅምና ብርቱ ናቸው፤ በየካቲት 1979 በኦልድ ፎርጅ የተመዘገበው ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የደረሰ ቅዝቃዜ እስካሁን የግዛቱ ዝቅተኛ ሙቀት ሆኖ ይጠቀሳል። በእነዚያ ወራት ዐለቱ ግግር ስለሚለብስ በጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ ሳይይዙ ከዛፎቹ መስመር ማለፍ አደገኛ ነው። በመጸው ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የመኪና ማቆሚያው ገና በጠዋቱ ስለሚሞላ፣ ሐይቆቹ ከጉም ሲገለጡ ለማየትም ሆነ ማማውን ያለ ሰልፍ ለመውጣት ማልዶ መድረስ ይሻላል።